ለእንግዳው ሲባል የጠፋው ጭስ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋቢ አለበሱኝና፣ «ጋሽ በላይ፣ እስቲ ከሥራ ዘመንዎ ደግ ደጉን ያጫውቱን» አሉኝ። ደግ ደጉን አሉ! ዕድሜዬን ሙሉ የከብት ዐይን ስገልብ፣ የበሬ ጉበት ስሰነጥቅ፣ ከዝንብና ከትል ጋር ስታገል ኖሬ፣ በመጨረሻ የሚፈለግብኝ ደግ ደጉ ብቻ ሆነ። በግብዣ ላይ ማኩረፍ ነውር ነውና ተነሥቼ የአልቅቱን ጨዋታ ነገርኋቸው። ሳቁ፣ አጨበጨቡ፣ እኔም ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። ያላነሣሁት ነገር ነበረ፤ ያላነሣሁትም ረስቼው አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለም? እንግዲህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ደግ ደጉን ብቻ የሚወድ ሰው ከአልቅቱ ጨዋታ በኋላ ማንበቡን ይተወው።

ሥራዬ የከብት ሐኪም ረዳትነት ነበር። አገሬው «የከብት ዶክተር» ይለናል፤ ዋናውን ዶክተር ግን እኛም የምናየው መኪናው መንገድ ላይ ሲበላሽበት ብቻ ነው። በንጉሡ ዘመን፣ በአርባዎቹ ማለቂያ ላይ ጎንደር ተቀጠርሁ። መጀመሪያ መርፌና ጠርሙስ አጣቢ ነበርሁ፤ ከዚያ ወደ ሐሙሲት ላኩኝ፣ ከሐሙሲት ወደ ወረታ። ደመወዙ ከቤት ኪራይ ተርፎ ጨውና በርበሬ ይገዛ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልሁ ይበቃል።

ሐሙሲት ላይ የተቀበሉኝ ሰው የኔታ ተሻለ ይባላሉ። የኔታ ያልናቸው ከብት ሕክምና ከመግባታቸው በፊት ቅኔ ቤት ድረስ የዘለቁ ተማሪ ስለ ነበሩ ነው። ቤተ ክህነቱን ትተው ለምን ወደ በሬ እንደ ዞሩ ስንጠይቃቸው፣ «በሬ አይከራከርም» ብለው ይዘጉናል። ሰዓት አልነበራቸውም። መርፌ የሚቀቀልበትን ጊዜ የሚለኩት በጸሎት ነው። ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር ከልጅነታቸው የሚያውቁትን ረጅም ጸሎት ይጀምራሉ፤ ጸሎቱ ሳያልቅ ድስቱን የነካ ወዮለት! የቸኮለ ባለከብት «የኔታ፣ ቶሎ በሉልኝ» ሲላቸው ጭራሽ በዜማ ያደርጉታል። አንዱ በሬ የተወጋበት መርፌ ሳይቀቀል ሌላው ላይ አያርፍም። እኔ አንድ ቀን ድካም አሸንፎኝ በዚያው መርፌ ልደግም ስል እጄን ያዙኝና፣ «ዝንብ መሆን ከፈለግህ ክንፍ አብቅል» አሉኝ። «ከአንዱ ደም ወደ ሌላው ደም እየዘለለ በሽታ እሚያዞር እሱ ነው። አንተ ግን ደመወዝ ትበላለህ።»

ከብት ሲመረምሩ መጀመሪያ ፊት ለፊት ቀስ ብለው ይቆማሉ። ግንባሩን ያኩለታል። ከዚያ በአውራ ጣታቸው የዐይኑን የታች ቆብ ሳብ ያደርጋሉ። ውስጡ ቀይ ከሆነ ያልፋሉ። ገርጥቶ ካገኙት ግን ደሙን የሚጨርስ ነገር አለ ማለት ነው፤ ወይ ጉበቱ ውስጥ ትል፣ ወይ ደሙ ውስጥ ገንዲ። ገንዲ የምንለው ደም መጣጭ ዝንብ ከከብት ወደ ከብት የሚያዛምተው በሽታ ነው፤ ከብቱ እየበላ ይከሳል፣ ጠጉሩ ይቆማል፣ ዐይኑ ያለቅሳል፣ በመጨረሻ መነሣት ያቅተዋል። የኔታ ለባለቤቱ ሰላምታ የሚሰጡት ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ነበር። «ባለቤቱማ ይዋሸኛል፤ ግብር ይጨመርብኛል ብሎ የሰባውንም ታመመ ይለኛል» ይሉ ነበር።

የአልቅቱ ጨዋታ ይኸውና። ሐሙሲት አጠገብ የሚያገለግሉ አንድ መሪጌታ ከአፍንጫቸው የሚወርደው ደም አልቆም ብሎ ከስተው መቋሚያ መያዝ አቅቷቸው ነበር። ወንዛዬ ፍል ውኃ ገብተው ወጥተዋል፣ ጠበል ተጠምቀዋል፣ መተት ነው ብለው የጠረጠሩት ጎረቤት ሁሉ ተቀይሟቸዋል። አንድ ቀን የታመመች በቅሏቸውን ሊያሳዩን መጡ። የኔታ በቅሎዋን ትተው ባለቤቷን ያዩ ጀመር።

«መሪጌታ፣ ከኩሬ ነው እሚጠጡ?»

«እረ ምን ከኩሬ! መንገድ ላይ ሲጠማኝ ከጉማራ ወንዝ ጎንበስ ብዬ ነው እንጂ።»

«ዛሬ ውኃ እንዳይቀምሱ። ነገ እንደ ጠማዎት ይምጡ።»

በማግስቱ የኔታ ንጹሕ ውኃ በጣባ ሞልተው ከመሪጌታ አፍንጫ ሥር ያዙ። መጠጣት የለም፤ አፍንጫን ውኃው ላይ አድርጎ መጠበቅ ብቻ ነው። ለበሬም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ጥቂት እንደ ቆየን አንድ ጥቁር ነገር ከአፍንጫቸው ተስቦ ወጣና ውኃውን ነካ። የኔታ አመድ በነካ ጣታቸው ላፍ አድርገው ሳቡት። መሪጌታ አልቅቱ ሲጥመለመል አይተው ያወጡት ቃል ከመቅደስ ሰው አፍ የሚጠበቅ አልነበረም። «መተተኛው ይኸው፤ በሉ ይርገሙት» አሏቸው የኔታ። መሪጌታ ከዚያ በኋላ አምሮባቸው ወፈሩ፤ ያዳናቸው የከብት ሐኪም መሆኑን ግን ለማንም አልተናገሩም።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የኔታንም እኔንም ወደ ወረታ አዛወሩን። ያኔ ወረታ ባለችበት በፎገራ ላይ ሩዝ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሜዳው የከብት ነበር። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ውኃው ሲሸሽ ሣሩ ከጉልበት በላይ ያድጋል። ሣሩ ደግሞ ትሉን ይዞ ይመጣል። በዓል ደርሶ ሰው ለቅርጫ በሬ ሲጥል እኛን ይጠራል፤ የኔታ በቀጭን ቢላ የጉበቱን ቧንቧ ሰንጥቀው እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ የሆነውን ትል በመዳፋቸው ያወጡና፣ «በሬህ በአንድ አፍ እየበላ ይኸ ሁሉ አፍ ከውስጥ ይበላዋል» ይሉታል ባለበሬውን። ሰዉም ይገረማል፣ ጉበቱ ይቀበራል፣ ሥጋው ይከፋፈላል። የሰዉ ዕዳም ቀላል አልነበረም። መስከረም ሲጠባ ወባው፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ የሕፃን ዐይን ላይ የሚሰፍረው ዝንብ። ዐይነ ስውር የሌለበት መንደር አላውቅም።

ከሁሉ የከፋው ግን የክረምቱ ተናካሽ ዝንብ ነው። የቤት ዝንብ እንዳይመስላችሁ፤ ቆዳ በስቶ ደም የሚመጥ፣ ከአንዱ ጎን ላይ ሲያባርሩት ጠግቦ ሳይጨርስ ሌላው ላይ የሚያርፍ ትልቅ ዝንብ ነው። የፎገራ ሰው ውኃው ከመሙላቱ በፊት፣ ሰኔ ሲጋመስ፣ ከብቱን ዝንብ ወደማይበዛበት ደጋ ያወጣዋል። እስኪወጣ ድረስ ደግሞ ያጨስለታል። በየበረቱ በር እርጥብና ደረቅ ኩበት ተቀላቅሎ ይነድዳል፤ ነበልባል የለውም፣ ጭስ ብቻ ነው። ከብቱ ማንም ሳይነዳው ሄዶ ጭሱ ውስጥ ይቆማል። ጉልበተኛው በሬ መሀሉን ስለሚይዝና ጥጃና ከሲታ ላም ዳር ስለሚቀሩ ሴቶቹ ዱላ ይዘው ተራ ያስጠብቃሉ። የኔታ ይህን ቆመው ማየት ይወዱ ነበር።

አንድ ዓመት ሰኔ ላይ የወረታው ኃላፊያችን ቢሮው አስጠራን። ስሙን አልጽፍም፤ አንቱ የምልበት አፍም የለኝም።

«ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል» አለ። «የፎገራን ከብት በዐይናቸው ሊያዩ ነው። ከብቱ ወረታ አጠገብ ይሰብሰብ፤ እንግዳው ሳያዩት አንድም እንዳይወጣ።»

«መቼ ነው እሚመጡ?» አሉ የኔታ።

«ሲመጡ ታያለህ።»

«ጌታዬ፣ ዝንቡ ጀምሯል። ከብቱ አሁን ካልወጣ ያልቃል። ከዚህም ከዚያም አምጥተን አንድ ላይ ካከማቸነው ደግሞ ያንዱን ገንዲ ለሁሉ ማደል ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቄስ ነህ ሐኪም? ስብከቱን ተወው። እንግዳው ከብቱን ከወደዱት ወረታ ላይ የከብት ክሊኒክ ይሠራልናል፣ መድኃኒት በመኪና ይመጣልናል። ስትለምን የኖርህ አንተ ራስህ አይደለህም?»

የአባቱን እኩያ አንተ ይላል! ግን እውነቱን ነው፣ ስንለምን ኖረናል። የኔታ አንገታቸውን ደፉ። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይኸው ነው። የሚያስፈራራን ቢሆን እንከራከረው ነበር፤ እሱ ግን የምንመኘውን ነገር አሳይቶ አፋችንን ዘጋ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ጭቃ ሹሙ በየመንደሩ ለፈፈ። ከብቱ ከወረታ ወጣ ብሎ ውኃ ባልደረሰበት ሜዳ ላይ ተሰበሰበ፤ ነጭ ለባሽ የሚባለው የአገር ዘብ ጠመንጃ ይዞ ዙሪያውን ቆመ። ከባለከብቶቹ መካከል እትዬ ጥሩነሽ ነበሩ። ባላቸውን ወባ የነጠቃቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ በዕድሜ ከኔ ትንሽ ከፍ የሚሉ ሴት ናቸው። ሁለት በሬ ነበራቸው፤ ጥቁርና ነጭ የሆነው ቡሬ፣ ቀዩ መጋል። በሬዎቹን ለአራሽ ሰጥተው መሬታቸውን ያሳርሳሉ፣ እኩል ይካፈላሉ። ጥማድ በሬ ያላት ባልቴት በአገራችን ሰው ናት፤ በሬዎቿ ከሞቱ ግን መሬቷን ዘመድ ይቀራመተዋል፣ እሷ የሰው ደጅ ትጠናለች። ይህን ሁሉም ያውቃል። እትዬ ጥሩነሽም፣ «ባሌ ቢሞት ባል የሆኑኝ እነዚህ ናቸው» እያሉ መጋልን ያሹት ነበር።

እንግዳው ሳይመጣ ቀኑ ገፋ። ዝናቡ በረታ። ዝንቡ እንደ ደመና ወረደ፤ የከብቱ ጎን ደም በደም ሆነ፣ ጅራት መወንጨፍ የሰለቸው በሬ ጭቃ ላይ ይንከባለል ጀመር። ሴቶቹ ከየቤታቸው ኩበት በእንቅብ ተሸክመው፣ ዝናብ እንዳይነካው በቁርበት ሸፍነው እያመጡ ሜዳውን በጭስ ሞሉት። ያንን ጭስ ያየ ሰው እሳት የተነሣ ይመስለው ነበር። ከብቱም ትንፋሽ አገኘ።

አንድ ጠዋት ኃላፊው ጥላውን ዘርግቶ መጣ።

«ይኸ ምንድን ነው?» ብሎ ጮኸ። «እንግዳው ዛሬ ይመጣሉ! ጭስ ሊያዩ ነው የሚመጡት? ከብቱ የታለ? አጥፉት!»

«ጌታዬ፣ እረ በማርያም!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «ዝንቡ'ኮ ይፈጅብናል። ጭሱን እሚጠላ እንግዳ ካለ እኛ ራቅ አርገን እናጭስ።»

«ሴትዮ፣ ወደዚያ በይ!»

ነጭ ለባሾቹ ኩበቱን እየረገጡ፣ ጭቃ እየመለሱበት ያጠፉት ጀመር። የኔታ ከአንዱ ክምር ፊት ለፊት ቆመው አልነሣም አሉ። በክንዳቸው ጎትተው አስነሧቸው፤ ጥምጣማቸው ጭቃ ላይ ወደቀ። እኔ አንሥቼ ሰጠኋቸው፤ አልጠመጠሙትም፣ በእጃቸው ይዘውት ዋሉ። እንግዳው በዚያ ቀን አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ድንገት ይደርሳል እየተባለ ጭሱ ተከልክሎ ሰነበተ፤ የታመመውና ያልታመመው ከብት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ዝንቡን ሲመግብ ሰነበተ። እኔ ጠመንጃ የታጠቀ ሰው ኩበት ሲጠብቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በመጨረሻ እንግዳው መጣ። ጭቃውን ፈርቶ ከአውራ ጎዳናው አልወረደም። «ያምራሉ» አለ። ስንት ወተት እንደሚሰጡ ጠየቀ፤ ኃላፊው አንድ ነገር ዋሸለት። ከዚያ ዝንብ እንዳይገባበት የመኪናውን መስታወት ዘጋና ወደ ጎንደር ሄደ። ኃላፊያችንም አጃቢ ሆኖ አብሮት ተሳፈረ። የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ነው የሄደ።

ከብቱ ያን ቀን ደጋ ወጣ። ግን በሽታውን ይዞት ነው የወጣው። ነሐሴ ሲገባ ሰዉ እያለቀሰ ይመጣብን ጀመር፤ ላሞቹ ጨነገፉ፣ በሬዎቹ መቆም አቃታቸው፣ ወተቱ ነጠፈ። የኔታ ከበሬ ጆሮ ጫፍ የደም ጠብታ ወስደው በአጉሊ መነጽር ሲያዩት የገንዲው ተውሳክ በደሙ መካከል እንደ እባብ ይላወሳል። ለኃላፊው ወደ ጎንደር መልእክት ላክንበት፤ «እስክመጣ ጠብቁ» የሚል መልስ መጣ። የኔታ ይህን ሲሰሙ ወጡና ከደጅ ድንጋይ አንሥተው የመድኃኒት ክፍሉን ጓጉንቸር ሰበሩ። ገብተን ካርቶኖቹን ብንከፍት አብዛኞቹ ባዶ ናቸው! ለእንግዳው ዕይታ የተደረደሩ ባዶ ካርቶኖች። ጥግ ላይ ትንሽ ቢጫ ዱቄት አገኘን፤ ይህ ነው የገንዲ መድኃኒት።

እሱን ይዘን ደጋ ወጣን። ሰዉ ከቦን እያለቀሰ፣ የኔታ ውኃውን አፈሉ፣ መርፌውን ቀቀሉ፣ ጸሎታቸውንም ከዳር እስከ ዳር አደረሱ። አላሳጠሩም፤ በዜማም አላደረጉት። ከዚያ ዐይን እየገለቡ፣ መዳን የሚችለውን እየለዩ ወጉ። እትዬ ጥሩነሽ ካረፉበት የዘመድ ቤት ስንደርስ ቡሬ ሞቷል። መጋል ተኝቷል። የኔታ ግንባሩን አከኩለት፣ የዐይኑን ቆብ ሳብ አደረጉት። እንደ እርጎ ነጥቷል።

«ጥሩነሽ፣ ልጄ፣ ይኸ አይነሣም።»

«ይውጉልኝ፣ የኔታ።»

«የቀረችው መድኃኒት ለአንድ ከብት እምትሆን ናት። ለሚነሣ ነው እምሰጣት።»

«መጋል ካልተነሣ እኔን ማን ያነሣኛል?»

የኔታ መርፌውን ይዘው ከመጋል አጠገብ ተነሡ። መድኃኒቱን ገና በእግሯ የቆመች የጎረቤት ጊደር ወጓት፤ ጊደሯ ዳነች። መጋል ሳይነጋ ሞተ። በሙያው ትክክል ነበር፤ ዛሬም አንድ ተማሪ ቢጠይቀኝ እንደዚያው አድርግ እለዋለሁ። እኔን የሚያቃጥለኝ አንድን ደግ ሽማግሌ እንዲህ ካለ ምርጫ ፊት ያቆመው ሰው በዚያች ሰዓት ጎንደር ግብዣ ላይ መቀመጡ ነው። ወረታ ስንደርስ የኔታ መርፌዎቹን አጥበው ድስቱን ገለበጡና ተኙ።

ኃላፊው ከመስቀል በኋላ ተመለሰ። ስንት ከብት ሞተ አላለም። ማን ጓጉንቸሩን ሰበረ ነው ያለ። የኔታ «የመንግሥት ንብረት በመስበር» ተብለው ወደ ሩቅ ቆላ ተዛወሩ፤ ወባው እዚያው አስቀራቸው። ስለ ዕልቂቱ ወደ ላይ የተጻፈው ደግሞ ገበሬው ባለማወቁ ከብቱን በጊዜ ወደ ደጋ ሳያወጣ ቀረ የሚል ነበር። ባለማወቁ! ጠመንጃ ደግነው ያስቀሩትን ሰው ባለማወቁ አሉት። ክሊኒኩም አልተሠራም። ኃላፊው ግን በመስተንግዶው ተመሰገነ።

በተከታዩ ዓመት፣ ፋሲካ ባለፈ ሰሞን፣ የክትባት ወረቀት ላስፈርም ኃላፊው ቤት ሄድሁ። ምሳ ላይ ነበር፤ ጥሬ ሥጋ ቀርቦለታል። ሥጋው ዝንብ ጠርቷል። ከኋላው አንዲት ሴት ጭራ ይዛ ቆማ ዝንብ ትከላከልለታለች። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ስባው ስለ ነበር መጀመሪያ አላወቅኋትም። ዞር ስትል እትዬ ጥሩነሽ ሆኑ።

«እትዬ ጥሩነሽ!» አልሁ።

እሳቸው መሬት መሬት አዩ።

«ትተዋወቃላችሁ?» አለ ኃላፊው እያላመጠ። «መሬቷን ዘመድ ወሰደውና ደጅ ስትጠና እኔ አስጠጋኋት። ጎበዝ ናት፤ ዝንብ የሚባል አታስደርስብኝም። ና ቁጭ በል፣ ብላ።»

ዐይኔ ደም ለበሰ። ያንን ማዕድ ልገለብጠው ትንሽ ቀረኝ። «ጠግቤያለሁ» አልሁ፤ ወረቀቱን ሳላስፈርም አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ከበሩ ስደርስ ድምፁ ከኋላዬ ተሰማ።

«ጠጋ በይ እንጂ፣ አንገቴ ላይ አለ።»

ዞሬ አየሁ። እትዬ ጥሩነሽ ጠጋ ብለው ጭራውን ወዘወዙለት። ዝንቡ ተነሥቶ ሄደ፤ እሱም መብላቱን ቀጠለ።